የስኩል ባስ ጭስ ልጆቹ ላይ እንዳይደርስ ያደረግነው

ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ስኩል ባስ እነዳለሁ፣ እዚህ ያለ ሰው እንደሚያውቀው ሹፌሩ መሀል ሀበሻ ሞልቷል። ለነሱም ለወላጆችም ነው የምጽፈው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ጭሱ ውጪ ያለ ነገር ይመስለዋል፣ ልጁ ባስ ውስጥ ከገባ በቃ ተገላገለ ይላል፣ ግን የባሱ የራሱ ጭስ እኮ ተመልሶ ውስጥ ይገባል።

የሚገባው በሁለት በኩል ነው። አንዱ ከማርሚታው ወጥቶ ባሱ ሲቆም ኋላ ላይ ይከማችና በኢመርጀንሲ በሩ ክፍተት ይሾልካል። ሌላው ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነው፣ የድሮዎቹ ሞተሮች ኮፈን ስር የሚተነፍሱበት ቱቦ አላቸው፣ እሱ ደግሞ ለፊት በሩ ቅርብ ስለሆነ ልጅ ለማስገባት በሩን በከፈትክ ቁጥር ሽው ይላል። በፈረንጆቹ ከ2007 ሞዴል ወዲህ ያሉት ፊልተር ስላላቸው ጥላሸቱን አብዛኛውን ይይዙታል፣ እኔ ግን ያኔ፣ 2015 አካባቢ፣ የምነዳው ከዛ በፊት የተሰራ ነበር። የኋላ በሩን ላስቲክ በነጭ ሶፍት ጠረግኩትና ሶፍቱ ጥቁር ሆኖ ወጣ፣ እዛው በሩ ስር ደግሞ አስም ያለባት፣ ኢንሄለር ከቦርሳዋ የማይጠፋ ልጅ ናት የምትቀመጠው። እሷን ወደ መሀል አመጣኋት፣ መካኒኩም ላስቲኩን ቀየረልኝ፣ ትንሽ ስራ ነው ግን ሽታው ወዲያው ነው የቀነሰው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ከሰአት ልጆች ሲለቀቁ ነው። ባሶቹ አፍና ጅራት ሆነው ይደረደራሉ፣ ሁሉም ሞተር አላጠፋም፣ የአንዱ ማርሚታ ቀጥታ የኋለኛው ፊት ላይ ይተፋል፣ ልጆቹ ደግሞ በዛ መሀል እየሮጡ ነው የሚገቡት፣ ቁመታቸው ደግሞ ከጭሱ ጋር እኩል ነው። ልጅ ከክብደቱ አንጻር ከትልቅ ሰው የበለጠ አየር ነው የሚስበው፣ ሳንባውም ገና እያደገ ነው። የሜሪላንድ ህግ ቆመህ ከ5 ደቂቃ በላይ ሞተር አታስነሳ ይላል፣ ግን ለማሞቂያ ምናምን ሲባል ማለፊያ ስላለው በህጉ ብቻ ሰው አላሳመንኩም።

ያሳመነው ጨዋታ ነው። ከኛ መሀል አንድ ትልቅ ሰው አሉ፣ ድሮ የአሰብን መስመር በኤንትሬ የጭነት መኪና የሰሩ፣ የሳቸው ቃል ይሰማል። "አንተ ልጅ፣ ናፍጣ ሳይሞቅ ይነሳል እንዴ? እኛ ቡናችንን እስክንጨርስ ነበር የምናሞቀው" አሉኝ። "ጋሼ፣ ለዛኛው ልክ ነዎት፣ ይሄኛው ግን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ከዛ በላይ ቆሞ ሲሰራ በሰአት ግማሽ ጋሎን ገደማ በከንቱ ያነዳል፣ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጭሱን የምንምገው እኛው ነን" አልኳቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 የናፍጣ ጭስ ካንሰር ያመጣል ብሎ መመደቡንም ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። በነጋታው ሰልፉ ላይ መጀመሪያ ሞተር ያጠፉት እሳቸው ነበሩ፣ ከዛ በኋላ ማን ይከራከራል።

ክረምት ላይ ደግሞ ብርዱ መጣ። ሹፌር እየተንቀጠቀጠ ሞተር አያጠፋም፣ ይሄ መታወቅ አለበት። ስለዚህ ዳይሬክተሯን ሄደን አናገርናትና ደወሉ እስኪደወል መግቢያው አዳራሽ ውስጥ እንድንጠብቅ ፈቀደችልን። እኔን ብትጠይቁኝ ከፖስተሩም ከማስጠንቀቂያውም በላይ የሰራው ይሄ ነው። ከዛ በሰያፍ መቆም ጀመርን የአንዱ ጭስ ሌላው ላይ እንዳይሄድ፣ የመጨረሻው ልጅ ገብቶ በሮች ሁሉ ሳይዘጉም ማንም ሞተር አያስነሳም ተባባልን። መስኮት ደግሞ ሰልፍ ላይና ከከባድ መኪና ኋላ ስትሆን ይዘጋ፣ ክፍት መንገድ ላይ ስትሄድ ይከፈት፣ የውስጡ እንዲወጣ።

አሁን ኤሌክትሪክ ባስ እየገባ ነው፣ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች በ2021 ለ326 ተዋውለዋል፣ የፌደራል መንግስቱም በዛው ዓመት በወጣው ህግ ለንጹህ ስኩል ባስ 5 ቢሊዮን ዶላር መድቧል። በጣም ደስ ይላል፣ ግን ናፍጣው በአንድ ቀን አይጠፋም፣ አንድ ባስ ከአስር ዓመት በላይ ይሰራል።

ስለዚህ ወላጆች፣ አንድ ቀን ከሰአት ሄዳችሁ ሰልፉን በአይናችሁ እዩት። ዴፖው ስትደውሉ ደግሞ ጭስ በዛ ብቻ አትበሉ፣ የባሱን ቁጥርና ሰአቱን፣ ስንት ደቂቃ ሞተሩ ሳይጠፋ እንደቆመ ንገሯቸው፣ ሞዴሉ የስንት እንደሆነም ጠይቁ፣ ሹፌሩን ግን አትጩሁበት፣ መጀመሪያ የት ነው የምትጠብቀው ብላችሁ ጠይቁት።