የሚያውቀውን አምላክ ስለ ምን እንለምነዋለን?

በወሎ «እንዴት ከረማችሁ?» ለሚል ሰው የሚሰጠው መልስ፣ ቤቱ ሞላም ጎደለም፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ልማዱ መልካም ነው፤ ችግርን ለሰው ሁሉ አለመዘርገፍም ጨዋነት ነው። ሆኖም ይህ ጨዋነት ከሰው አልፎ ወደ ጸሎታችንም ሲገባ አያለሁ። ብዙ ምእመናን ውዳሴ ማርያሙንና መዝሙረ ዳዊቱን በየዕለቱ ሳያስታጉሉ ይደግማሉ፤ መጽሐፉን ሲከድኑ ግን ልጃቸው ያለ ሥራ መቀመጡን፣ ትዳራቸው መናጋቱን፣ ወገባቸውን የያዛቸውን ሕመም በአንዲት ቃል እንኳ ሳያነሡ ይሄዳሉ። ምክንያቱን ለጠየቃቸው «እርሱ ያውቀው የለም ወይ?» ይላሉ።

መልሱ የእምነት መልስ ይመስላል፤ መሠረቱም ከወንጌል ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ፣ ሳንለምነው አባታችን የሚያስፈልገንን እንደሚያውቅ ተናግሯል። ነገር ግን ንግግሩ በዚያ አላበቃም። ወዲያው አስከትሎ እንዴት እንደምንጸልይ አስተማረ፤ በዚያም ጸሎት ውስጥ የዕለት እንጀራን የመሰለ፣ ከማጀት የማያልፍ የሚመስል ልመና አኖረ። የአባት ማወቅ የተነገረው እንደ አሕዛብ ቃል እያበዛን እንዳንደክም ነው እንጂ ልመናን እንድንተው አይደለም። የማያውቅን ሰው ለማስረዳት ብዙ ማተት ያስፈልጋል፤ የሚያውቅ አባትን ግን በአጭሩና ያለ ፍርሃት መናገር ይቻላል።

ይህን ከሁሉ በላይ ግልጽ የሚያደርግልኝ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የተጻፈው የበርጤሜዎስ ታሪክ ነው። በኢያሪኮ መንገድ ዳር ተቀምጦ የሚለምን ዕውር ምን እንደሚያስፈልገው ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ የታወቀ ነበር። እርሱም ሰው ዝም እንዲል ቢገሥጸው እንኳ «ማረኝ» እያለ አብዝቶ ጮኸ። ጌታችን ግን አስጠርቶ ምን ሊያደርግለት እንደሚወድ ጠየቀው። ጥያቄው የዕውቀት ጉድለት እንዳልነበረ ግልጽ ነው፤ ሰውየው ፍላጎቱን በራሱ አንደበት፣ ፊት ለፊት እንዲናገር የተሰጠው ዕድል ነበር። እኛም በምህላ ሰሞን እግዚኦታ ስናደርስ «ማረን» እንላለን፤ ከዚያ የሚበልጥ ጸሎት አለ ለማለት አልደፍርም። ቢሆንም «ማረኝ» ያለው ሰው ቀጥሎ ምን እንደተጠየቀ መርሳት የለብንም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ጸሎታችን ዝርዝር ነበረው። ስልክ ተቋርጦ የልጁ ደብዛ የጠፋበት አባት የልጁን ስም ይጠራ ነበር እንጂ ስለ ሰው ልጆች ሁሉ በጥቅሉ አይለምንም ነበር። ዝርዝሩን የሚያስረሳን፣ እንደማየው ከሆነ፣ የሰላሙ ጊዜ ነው።

ትንሹን ጉዳይ ይዞ እግዚአብሔርን ማስቸገር ነውር የሚመስላቸው ሰዎች ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ራሷ የምትለምነውን ልብ ብለው ቢያዳምጡ እወዳለሁ። መስተብቍዕ በሚባለው የምልጃ ጸሎት ስለ ሕሙማን፣ ስለ መንገደኞች፣ ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞች ውኃ፣ ስለ ምድር ፍሬ ተለይቶ ይጸለያል። በበልግ ዝናብ በሚያርሱት የወሎ ደጋዎች ሰማዩ ሲዘገይ ክርስቲያኑ ምህላ ይይዛል፣ ሙስሊም ጎረቤቱም ዱዓ ያደርጋል፤ ስለ ገብስ መለመን አሳንሶ ማሰብ ነው ያለ ሰው በሁለቱም ዘንድ አልሰማሁም።

ልመናን በስሙ መጥራት ሌላም ጥቅም አለው። ሐዋርያው ያዕቆብ በምዕራፍ 4 ስለማትለምኑ አታገኙም ካለ በኋላ፣ በክፉ ስለምትለምኑም አትቀበሉም ይላል። በልብ ተድበስብሶ የተቀመጠ ምኞት መልካም መስሎ ሊኖር ይችላል። በድንበር የሚካሰሰውን ጎረቤቱን ጥፋት የሚመኝ ሰው ግን ምኞቱን በእግዚአብሔር ፊት በቃል ሲናገረው የራሱ ጆሮ ይፈርድበታል።

ስለቱንም በዚሁ ዓይን አየዋለሁ። መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ ከሚወጣው ሕዝብ ብዙው ስለት አለበት። የነቢዩ ሳሙኤል እናት ሐናም በሴሎ ተስላ ነበር፤ ነገር ግን ካህኑ ዔሊ የሰከረች እስኪመስለው ድረስ ነፍሷን በእግዚአብሔር ፊት ያፈሰሰች ሴት ነበረች። ጃንጥላውና ዕጣኑ የምስጋና ስጦታ ነው። የልመናው ዋጋ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ከገበያ ጋር አምታቶታል።

ከባዱ ነገር ያልተመለሰው ልመና ነው። በ1977ቱ ድርቅ፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው በኮረም መጠለያ፣ እየለመኑ የሞቱ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። እምነታቸው ስለ ደከመ ነው የሚል ሰው ቢኖር አፉን ቢይዝ ይሻለዋል። ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍ ለመነ፤ ጽዋውም አላለፈም። ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ የተሰጠው መልስ ጸጋዬ ይበቃሃል የሚል ነበር። ስለዚህ ጸሎትን የፈለጉትን እንደሚያስገኝ ውል አድርገው የሚሰብኩትን አልከተልም። ነገር ግን ያልተፈጸመለት ልመና ወልድን ከአብ አልለየውም፤ «አባት ሆይ» ብሎ ከለመነ በኋላ በመስቀል ላይም ነፍሱን በአባቱ እጅ አደራ ሰጠ። በመዝሙረ ዳዊት «እስከ መቼ» የሚለው እሮሮ በጸሎትነት ተጽፎ መቆየቱም፣ አዝኖ መለመን አለማመን እንዳልሆነ ያሳያል። ጳውሎስ በእስር ሆኖ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ፣ ልመናቸውን ከምስጋና ጋር ለሚያስታውቁ የሰጠው ተስፋ ልብን የሚጠብቅ ሰላም ነው፤ የጠየቁት ሁሉ ይፈጸማል አላለም።

በተግባር ረገድ ይህን ያህል እላለሁ። ዳዊቱ ከተደገመ በኋላ ጥቂት ቆሞ፣ በለመድነው ቋንቋ፣ ጉዳዩን ከነስሙ መናገር ነው። ሕመም ወይም ሐዘን አንደበቱን የዘጋበት ሰው ደግሞ ብቻውን እንዲወጣው አልተተወም፤ ያዕቆብ በምዕራፍ 5 የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ይጥራ ይላል። እኛ ዘንድ የክርስትና ስም ሰጥቶ «በጸሎት አስቡኝ» ማለት የተለመደ ነው፤ ለንስሐ አባታችን ግን ከስሙ ጋር የምንለምነውን ነገርም ብንነግራቸው መልካም ነው።