የቀለም ሽያጭ፦ እስካሁን የተማርኩት

አለቃዬ በቀላሉ የሚረኩ ሰው አይደሉም። ማታ ሪፖርት ሲቀበሉ «ሸጥኩ» ብትላቸው አይሰሙህም። «ብሩ ገባ ወይ?» ነው ጥያቄያቸው። እኔም ልክ ናቸው እላለሁ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሬ በገበያ ሲወሰን የቀለም ዋጋም አብሮ ወጣ፤ ጥሬ ዕቃው በብዛት ከውጭ ነው የሚገባው። በዱቤ የሰጠኸው ብር ዘግይቶ ሲመለስ ያንኑ ያህል ጋሎን አይገዛም።

የተሰጠኝ መስመር ገርጂና አያት ነበር። ከእኔ በፊት የነበሩት ልጆች «አይሸጥም» ብለው ትተውታል። ባለሱቆቹም መልሳቸው አንድ ነው፦ «ሰው የሚጠይቀን ሌላውን ነው።» ይሄ «ሰው» ማን እንደሆነ ለማወቅ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ዋልኩ። ባለቤቱ ይከፍላል እንጂ ቀለሙን የሚመርጠው ቀቢው ነው!

ስለዚህ ናሙናዬን ይዤ ጅምር ሕንፃዎች ውስጥ ገባሁ። አንድ ቀቢ ገና ሰላም ሳልለው «ሲበጠበጥ ውሃ ስንት ይችላል?» አለኝ። ስቱኮ የተመታ ግድግዳ ለሁለት ከፈልን። በግራ እሱ የለመደውን፣ በቀኝ የእኛን ቀባ። ሁለት እጅ ከተቀባ በኋላ በግራ በኩል ስቱኮው አሁንም ይታያል። የእኛው ዘግቷል። ሲደርቅ ጨርቅ አርሶ አጥብቆ አሸው፤ ጨርቁን ገልብጦ አየው። ነጭ ነገር የለበትም። «ለነገ ስንት ጋሎን ታደርሳለህ?»

ወዲያው አለቃዬ ጋ ደወልኩ። «ጎበዝ» አላሉም። «ደረሰኝ ቁረጥ፤ 15 በመቶ ቫቷን እንዳትረሳ» ብለው ዘጉት።

ከዚያ ወዲህ ዋጋ የማወራው በጋሎን አይደለም፣ በግድግዳ ነው። ሦስት እጅ የሚፈልግ ርካሽ ቀለም የቀቢውንም ጉልበት ይበላል። ይህን ሒሳብ ወረቀት ላይ ሠርቼ ሳሳያቸው ባለሱቆቹም ሐሳባቸውን ቀየሩ። ክረምት ላይ የውጭ ቅብ ስለሚቀዘቅዝ የምሄደው የውስጥ ሥራ ወዳለበት ነው። ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ደግሞ ቤቱን የሚያሳምር ስለሚበዛ ባለሱቆቹን ቀደም ብዬ አስይዛለሁ። የኮሪደር ልማቱ ከመጣ በኋላ ግራጫ በብዛት ስለሚጠየቅ እሱ ከእጄ አይጠፋም።

ባለፈው ሰኞ አለቃዬ የመርካቶን መስመር ጨመሩልኝ። ምክንያቱን አልነገሩኝም፤ እኔ ግን ገብቶኛል፤ በጣም ነው ደስ ያለኝ። አሁን የሚያሳስበኝ ዱቤው ነው። መርካቶ ላይ የምትሠሩ፣ ደንበኛ ሳታስቀይሙ ብሩን በሰዓቱ የምትሰበስቡት እንዴት ነው?