ስልኩን ከቦርሳ ከማስወጣታችን በፊት ስልክ የሌለውን ልጅ እናስብ

ተማሪ ስልኩን ይዞ ክፍል ይግባ ወይስ አይግባ የሚለው ክርክር መቼም አይበርድም። አንዱ ወገን "ዘመኑ ነው፣ ምን ይደረግ?" ይላል። ሌላው "ስልክ ገባ ማለት ትምህርት ወጣ ማለት ነው" ይላል። እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ በራሳቸው ስልክ እንዲማሩ አደርጋለሁ። ትምህርቱን ሳቅድ ግን መጀመሪያ የማስበው ስልክ የሌለውን ልጅ ነው። ለእሱ እውነተኛ ሥራ ካላገኘሁለት ስልኮቹ ከቦርሳ አይወጡም።

ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ ክፍለ ጊዜ ላሳያችሁ።

ፊፎክስ የሚባል አፕ አለ። ጀርመን አገር፣ አኸን ከተማ ባለው የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ የፊዚክስ ባለሙያዎች የሠሩት ነው። በነጻ ይጫናል። ስልኩ ውስጥ ያሉትን ሴንሰሮች፣ ማለትም ድምፅን፣ እንቅስቃሴንና የመሳሰሉትን የሚያነቡትን ክፍሎች፣ ወደ መለኪያ መሣሪያነት ይቀይራቸዋል። አንዴ ከተጫነ በኋላ ለመለካት ኢንተርኔት አይጠይቅም።

ከውስጡ በጣም የምወደው በድምፅ የሚነሳና በድምፅ የሚቆመውን ሰዓት ነው። በእሱ የድምፅን ፍጥነት እንለካለን። ሁለት ስልኮች 5 ሜትር ተራርቀው ይቀመጣሉ። አንድ ተማሪ ከመጀመሪያው ስልክ አጠገብ ቆሞ አንዴ ያጨበጭባል። አጠገቡ ያለው ስልክ ወዲያው መቁጠር ይጀምራል። ወዲያ ማዶ ያለው ግን ድምፁ 5 ሜትር ተጉዞ እስኪደርሰው ይዘገያል። ከዚያ ማዶ ያለው ተማሪ በተራው ያጨበጭባል። አሁን ቀድሞ የሚቆመው የእሱ ስልክ ነው፤ የመጀመሪያው ዘግይቶ ይቆማል። ሁለቱ ስልኮች ያሳዩት ጊዜ ሲቀናነስ፣ ድምፁ ደርሶ መልስ 10 ሜትር ለመሄድ የፈጀበት ጊዜ ይገኛል። 0.029 ሰከንድ አካባቢ ነው። 10ን ለ0.029 ስናካፍል በሰከንድ 345 ሜትር ገደማ ይመጣል።

ይህንን በእጅ በሚጫኑት ሰዓት መለካት ዘበት ነው። ጣት ቁልፉን እስኪነካ ድምፁ ክፍሉን አዳርሶ ይጨርሳል።

አሁን ሰዎቹን እንቁጠር። ሁለት ልጆች ያጨበጭባሉ። ሁለቱ ስልኮቹን ይይዛሉ። አንዱ ርቀቱን በሜትር ይለካል፤ ሁሉም የት እንደቆሙ የሚቆጣጠረውም እሱ ነው። አንዱ ይመዘግባል፣ ያሰላል። ለስድስት ልጆች ሁለት ስልክ ይበቃል ማለት ነው። የሚያስፈልገው ሴንሰርም ማይክሮፎን ብቻ ስለሆነ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ከአዲሱ እኩል ይሠራል። በአፑ ውስጥ የአየር ግፊት መለኪያ የሚፈልጉ ሙከራዎችም አሉ። ያ ሴንሰር ግን በሁሉም ስልክ ላይ አይገኝም፤ ውድ ስልክ የያዘው ልጅ ብቻ የሚሠራውን ሙከራ ለቡድን ሥራ አልሰጥም።

በአንዱ ክፍል የአንድ ቡድን ውጤት 0.021 ሰከንድ ሆነ። ሲያካፍሉት በሰከንድ 476 ሜትር መጣ። ሁሉም ስልኩን ጠረጠሩ። "ስልኩ አሮጌ ስለሆነ ነው" ተባለ፤ የስልኩ ባለቤት አንገቷን ደፋች። ነገሩን የፈታው ሜትሩን የያዘው ልጅ ነበር፤ የራሱ ስልክ የለውም። ርቀቱን ደግሞ ለካና "ስልኮቹ በትክክል 5 ሜትር ላይ ናቸው፤ እናንተ ናችሁ ወደ መሃል የገባችሁት" አላቸው። እውነቱን ነው። ሁለቱም አጨብጫቢዎች ከስልካቸው አንድ አንድ እርምጃ ወደ መሃል ገብተው ነበር የቆሙት። በዚህ የተነሳ የድምፁ መንገድ አጠረ፣ የጊዜው ልዩነት አነሰ፣ ፍጥነቱ ተጋነነ። ወደ ስልኮቹ ጠጋ ብለው ደገሙት፤ ተስተካከለ። ያንን ስሕተት ማንም አፕ አይነግራቸውም ነበር።

መዘናጋቱስ? አለ፤ አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2022 ፒዛ (PISA) በተባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ምዘና፣ በኦኢሲዲ (OECD፣ በአብዛኛው የበለጸጉ አገሮች ድርጅት) አባል አገሮች በአማካይ 65 በመቶ የሚሆኑ የ15 ዓመት ተማሪዎች ቢያንስ በአንዳንድ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ በዲጂታል መሣሪያ እንደሚዘናጉ ተናግረዋል። ሌላው ሲጠቀም በማየት የሚዘናጉት ደግሞ 59 በመቶ ናቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ስልክ የሌለው ልጅ በማያገኘው ነገር ትምህርቱ ሲያመልጠው ያሳዝናል።

ስለዚህ ስልኮቹ ከመውጣታቸው በፊት ሁሉም ኤርፕሌን ሞድ (ስልኩን ከኔትወርክ የሚያቋርጠው ቅንብር) ላይ ይሆናሉ። ጥቅሙ መዘናጋትን መቀነስ ብቻ አይደለም። ስድስት ልጆች በአንድ ስክሪን ላይ አፍጥጠው ሳለ የቤተሰብ ወይም የጓደኛ መልእክት ከላይ ብቅ ቢል አስቡት። ስልክ ገመና ነው። ባለቤቱ ካልፈቀደ ስልኩ ከእጁ አይወጣም፤ ማዋስ ያልፈለገ ልጅም ምክንያቱን አይጠየቅም። ልኬቱ እንዳለቀ ስልኩ ወደ ቦርሳ ይመለሳል፤ ስሌቱ በደብተር ነው።

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2018 በአንደኛና በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስልክን በሕግ ስትከለክል ለማስተማሪያ የሚውለውን አጠቃቀም ለይታ አስቀርታለች። ልክ ይመስለኛል። በእረፍት ሰዓት ስልክ ይከልከል ለሚሉኝ ባልደረቦቼም አልከራከርም። የምከራከረው "ነገ ሁሉም ስልክ ይዞ ይምጣ" የሚል ማስታወቂያ ሳይ ነው። ያ ማስታወቂያ ማታ ስንት ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ይዞ እንደሚገባ የጻፈው ሰው አላሰበም።

ወላጆች ይጠይቁኛል። "መምህር፣ ልጄ ከጓደኞቹ እንዳያንስ ስልክ ልግዛለት እንዴ?" ይላሉ። ለኔ ክፍል ብለው እንዳይገዙ እነግራቸዋለሁ። ልጃቸው በቡድኑ ውስጥ ምን እንደሚሠራም አስረዳቸዋለሁ። አንዳንዱ አያምነኝም። "ሌሎቹ ስልክ ሲነካኩ እሱ ቁጭ ብሎ ያያል ማለት ነው?" ይለኛል። ያኔ የልጁን ደብተር አወጣና በራሱ እጅ የተጻፉትን ልኬቶች አሳየዋለሁ።