ሐረጎን ወርጄ ማደር

ዛሬም ከደሴ ተነስቼ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ገባሁ። ሚኒባሷን ከባድ መኪኖች የሚያድሩበት ግቢ ጥግ አቁሜያታለሁ። ሽሮው ቡታጋዙ ላይ ይንተከተካል። መስኮቶቹን በግራም በቀኝም ትንሽ ዝቅ አድርጌያቸዋለሁ።

የኋላ ወንበሮቿን አስነቅዬ ውስጧ መኖር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ፍራሽ፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ ጣሪያው ላይ አንድ ሶላር። ለብቻዬ ይበቃኛል። ደሴ ላይ ግን ሰው አይገባውም። ፒያሳ አካባቢ አድሬ ጠዋት ስወጣ ያየኝ ሁሉ “ምነው ልጄ፣ ቤት የለህም?” ይለኛል። ከልቡ አዝኖ ነው። ኮምቦልቻ ማንም አይጠይቀኝም። በባቲና በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ የሚመላለሰው የተሳቢ ሾፌር የሚያድረው ጋቢናው ውስጥ ነው። እዚህ መኪና ውስጥ መተኛት ብርቅ አይደለም።

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። መሀላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ልዩነቱን ግን ገላዬ ያውቀዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ የደሴ ሌሊት ቆርቆሮ ውስጥ አያስተኛም። ትንፋሼ መስታወቱ ላይ ውሃ ሆኖ ጋቢዬ ላይ ይንጠባጠባል።

ባለፈው ታኅሣሥ ያደረግሁትን ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም። ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ግርጌ ቆሜ ነበር። ቡናዬን ደጅ አፍልቼ ስጨርስ ፍሙን መጣል አሳሳኝ። ምድጃውን አስገብቼ በሩን ዘጋሁት። ሙቀቱ ደስ ሲል! ጭስ የለው፣ ሽታ የለው። ትንሽ ቆይቶ ራሴን ከበደኝ። ድካም ነው ብዬ ጋደም አልኩ። ሊያስመልሰኝ ሲል በሩን ከፍቼ ወጣሁ፤ እግሬ አልቆም ብሎኝ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ፍም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። እንቅልፍ የመጣ ይመስላል፤ ግን መመረዝ ነው። ያን ቀን ባያቅለሸልሸኝ ኖሮ ማን ይቀሰቅሰኝ ነበር? የእናቴ ቤት ቢሆን ሳቃስት ትሰማኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከብርድ ጋር አልታገልም። እናቴ ጋ ምሳ እበላለሁ፣ ጭጋጉ ሳይወርድ ደግሞ ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ እወርዳለሁ። ቁልቁለቱን ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ግሎ አልይዝ ይለዋል። ይህን ያስተማሩኝ የተሳቢ ሾፌሮቹ ናቸው፤ እግዜር ይስጣቸው።

ማታ ማታ የት እንደቆምኩ ለእህቴ እደውልላታለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እሷ ትደውላለች። ካላነሳሁ ለግቢው ጥበቃ ትደውላለች፤ ቁጥሩን ሰጥቻታለሁ።

አሁን እሱም እየዞረ ነው። ባትሪውን አብርቶ በመስኮቱ ክፍተት አየኝ።

“አለህ?”

“አለሁ፣ ጋሼ።”

“በል አብሽር።”