አረንጓዴ መብራት የበራላቸው 31 ክራንክሻፍቶች

ኦሃዮ ውስጥ አንድ የሞተር ፋብሪካ በሌሊት ፈረቃ ስሠራ ምድቤ ክራንክሻፍት ባላንስ የሚያደርገው ማሽን ላይ ነበር። ክራንክሻፍት፣ ባጭሩ ክራንክ፣ የፒስተኖችን መውጣትና መውረድ ወደ መሽከርከር የሚለውጠው የሞተር ዘንግ ነው። ማሽኑ ክራንኩን በሁለት ጫፉ ጨብጦ ያሽከረክርና በየት በኩል እንደከበደ ይለካል። ከዚያ የከበደውን ጎን ሰርስሮ ትርፉን ብረት ያወጣል። መልሶ ይለካዋል፤ አረንጓዴ ከበራ ክራንኩ ያልፋል።

ያን ሌሊት አረንጓዴው ሳያቋርጥ ይበራል፤ እኔም ሥራው ስለቀናኝ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ግን እያየሁ ዝም አልኩ። እያንዳንዱ ክራንክ እዚያው አንድ ቦታ ላይ ተጨማሪ ቀዳዳ ይዞ ይወጣ ነበር።

ሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ማሽኑ ላይ ከእኔ በፊት ለዓመታት የሠሩ የአገሬ ልጅ መጡ። ጋሼ ነው የምላቸው። የተደረደሩትን ክራንኮች በጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሱ።

«ልጄ፣ የክራንክ ክብደት እንደ ሰው መልክ ነው፤ ይለያያል። እነዚህ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ የከበዱት ለምንድን ነው? በል አንዱን ጫነው።»

ያለፈ ክራንክ ጫንኩ፤ አረንጓዴ። «አሁን ፍታውና ግማሽ ዙር አዙረህ መልሰህ እሰረው» አሉኝ። አዙሬ አሰርኩት። ቀይ በራ።

በደንብ የተመጣጠነ ክራንክ እንዴትም አድርገው ቢይዙት ንባቡ መለወጥ የለበትም። የእኛው ግን ስህተቱ ማሽኑ ውስጥ ነበርና፣ ቀዳዳው ያንን ስህተት ሲያጣፋ አምሽቷል። ስናዞረው ሁለቱ ተደመሩ። ክራንኩን የሚጨብጠውን የማሽኑን መንጋጋ ስንጠርገው የጤፍ ቅንጣት የማታክል፣ በሙቀት ሰማያዊ የሆነች የብረት ፍርፋሪ ተጣብቃ አገኘናት። 16 ኪሎ የሚመዝን ክራንክ ከመሐሉ 0.01 ሚሊሜትር ብቻ ቢዛነፍ፣ ከመሐሉ 4 ሳንቲሜትር ርቆ 4 ግራም ብረት እንደተለጠፈበት ይቆጠራል። ሁለተኛው ልኬትም ያላስጠነቀቀኝ ያው የተዛነፈ መንጋጋ ስለያዘው ነው።

«ባላንስ ሻፍት ያለው ሞተር ላይ ቢገባስ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ባላንስ ሻፍት የሞተርን መንቀጥቀጥ የሚያካክስ ተጨማሪ ዘንግ ነው፤ ለእኔ ስህተት ግን አይረዳም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንችስተር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1904 መላ ያበጀለት መንቀጥቀጥ፣ ክራንኩ አንድ ዙር ሲዞር ሁለቴ የሚመታው ነው፤ ፒስተኖቹ ሲወጡና ሲወርዱ የሚፈጥሩት። የእኔ ስህተት በየዙሩ አንዴ ይመታል፤ ያ ሻፍት ይህን አያካክሰውም። መሪ የጨበጠው ሰው በእጁ ነው የሚያገኘው።

ከፈረቃው መጀመሪያ አንስቶ ያለፉትን 31 ክራንኮች ለይተን፣ ሌላ ማሽን ላይ አንድ በአንድ ለካናቸው። የሚበዙት በተቃራኒው ጎን ተሰርስረው ዳኑ። ሌላ ቀዳዳ የሚችል ብረት ያልተረፋቸውን ግን ወደ ቁርጥራጭ ብረቱ ሣጥን ራሴ ተሸክሜ ወሰድኳቸው። ጋሼ አብረውኝ ቆሙ እንጂ አንድም አላገዙኝም።

ፈረቃ በተረከብኩ ቁጥር አሁን መንጋጋውን በጨርቅ ጠርጌ በባዶ ጣቴ እዳስሰዋለሁ፤ የመጀመሪያውንም ክራንክ ግማሽ ዙር አዙሬ ሁለቴ እለካለሁ።