ጋሼ መንገድ ላይ ሳሉ ዘፈኑ አለቀ

አንዳንድ ዘፈን አለ፣ ገና ልትመቻቹበት ስትሉ ጥሏችሁ የሚሄድ። መግቢያው ይመጣል፣ ትዘጋጃላችሁ። አዝማቹ ይመጣል፣ ጭንቅላታችሁ መወዛወዝ ይጀምራል። ሁለተኛው አዝማች ላይ ዓይናችሁን ትጨፍናላችሁ። አሁን ነው የሚፈነዳው ስትሉ… ጸጥ። ስልካችሁን ታያላችሁ። ባትሪ አለ። ኔትወርክ አለ። የሌለው ዘፈኑ ነው።

እኔ በዚህ ነገር ብዙ ተበድያለሁ። ሥራ ቦታ ኢርፎን ሰክቼ ከዘፋኙ ጋር በሹክሹክታ የማንጎራጉር ይመስለኛል። ሹክሹክታ አለመሆኑ የሚገባኝ ዘፈኑ ድንገት ቆርጦ የራሴን ድምፅ ስሰማ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲሰሙ ኖረዋል። የመሮጫ ማሽን ላይ ወጥቼ «ይህ ዘፈን እስኪያልቅ አልወርድም» ያልኩ ቀን ደግሞ ያው ዘፈን ማለቂያ የለውም። ሲፈልግ ነው የሚያጥረው።

ይሄ ሁሉ ግን በጋሼ ስንብት ቀን ከደረሰብኝ ጋር አይወዳደርም።

ጋሼ የምንላቸው የክፍላችን ኃላፊ ነበሩ። ሁላችንም ሥራ የለመድነው ከእሳቸው ነው። ጡረታ ሊወጡ ሆነና ዝግጅት ተሰናዳ። አስተባባሪዋ ቆፍጣና ሴት ናት፣ ሳቅ ብዙም አይቀናትም። ሥራ ስታከፋፍል እኔ ጋ ደረሰች።

«አንቺ ጆሮሽ ላይ ሁሌ ሽቦ አይጠፋም። ሙዚቃውን ያዢ።»

በቃ፣ የተመረጥኩበት ሙያ ይሄው ነው።

ዕቅዱ ቀላል ነው። ጋሼ በር ላይ ሲታዩ ዘፈኑን እለቃለሁ። እየተራመዱ ይመጣሉ። መድረክ ላይ ሲወጡ የዘፈኑ ማማሪያ፣ ያ መለከቱና ከበሮው አንድ ላይ የሚነሳበት ቦታ፣ እኩል ይደርሳል። ዘፈኑን እወደዋለሁ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም፣ ግን እያንዳንዷ ሰከንድ ወርቅ ናት። አዳራሹን ራሴ ሄጄ ለካሁት። ከበሩ እስከ መድረኩ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። እንዲያውም ይተርፋል አልኩ።

እኔ ስሄድ ግን አዳራሹ ባዶ ነበር።

ጋሼ ሰው ሳይጨብጡ አያልፉም። መጨበጥ ብቻ አይደለም። «ልጁ ዳነ?» ይላሉ። «ቤቱስ እንዴት ሆነ?» ይላሉ። መልሱን ደግሞ ቆመው ይሰማሉ። በሩ አጠገብ ካሉት ወንበሮች ጀመሩ። እኔ አንድ ዓይኔ ስልኩ ላይ ነው፣ ዘፈኑ የት እንደደረሰ የምታሳየዋ ነጥብ ላይ። ሌላው ዓይኔ ጋሼ ላይ ነው። ነጥቧ ትሮጣለች። ጋሼ ይሳሳማሉ። ነጥቧ ትሮጣለች። ጋሼ የአንዷን ልጅ ዕድሜ ይጠይቃሉ።

ዘፈኑ አለቀ። ጋሼ የአዳራሹ አጋማሽ ላይ ናቸው።

ያን ዓይነት ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። የጋሼ አዲስ ጫማ ሲጥ፣ ሲጥ ይላል። አንዱ ፕሮግራሙ ያለቀ መስሎት አጨበጨበ። ሁለተኛው ሰው እሱን ተከተለ። ከዚያ ሁለቱም ተያይተው አቆሙ። ሲጥ። ሲጥ።

ስልኬ ግን ሥራውን ያውቃል። ከዝርዝሩ ቀጣዩን ዘፈን በገዛ ፈቃዱ ከፈተ። ዝርዝሩ የራሴ ነው፣ አንድ ክፉ ጊዜ ላይ ያጠናቀርኩት። ቀጣዩ ዘፈን አንዲት ሴት ሰውዬውን ከቤት የምታባርርበት ነው። ልብስህን ሰብስብ ትላለች። በሩን ዝጋው ትላለች። ዞረህ እንዳትመጣ ትላለች። ይህን ሁሉ በአዳራሹ ትልልቅ ስፒከሮች፣ መጨረሻ በተከፈተ ድምፅ ትላለች። ለጡረተኛ!

ላቆመው ስል ስልኩ ተቆልፏል። አሻራ ይጠይቀኛል። ጣቴ በላብ ርሷል። «አላወቅሁሽም» ይለኛል። እኔም በዚያች ሰዓት ራሴን ባላውቅ ደስ ባለኝ።

ጋሼ ቆሙ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዝማቹን እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ ረጋ ብለው መድረክ ላይ ወጡና ማይኩን ያዙ።

«መልእክታችሁ ደርሶኛል» አሉ። «ልብሴን ግን ነገ መጥቼ ልውሰድ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አስተባባሪዋ ብቻ አልሳቀችም። በማግስቱ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥታ ቆመች።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«እኔ ምን ሆንኩ? ዘፈኑ ነው ያለቀው!»

«ዘፈን ማለቁ ይቀራል እንዴ?»

እንዲህ ከሆነ መከራከር ግድ ነው ብዬ ማስረጃ ይዤ ቀረብኩ። ጥፋቱ የዘፈኖች ነው። ደግሞ የቆየ ጥፋት ነው።

ነገሩ የጀመረው ከሸክላ ነው። ድሮ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚሽከረከረው ባለ 10 ኢንች ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ገደማ ነበር። ዘፋኙ የቱንም ያህል ቢመቸው ሸክላው ሲያልቅ ያልቃል። ስለዚህ ዘፈኑ በልኩ ይሰፋል፣ የተረፈው ስንኝ ይቆረጣል። እ.ኤ.አ. በ1948 በአንድ ገጹ ከ20 ደቂቃ በላይ የሚይዘው ረጅሙ ሸክላ መጣ። ሰበቡ ቀረ፣ ልማዱ ግን አልቀረም።

አሁን ደግሞ ሌላ ሰበብ አለ። ስፖቲፋይ የሚባለው የኢንተርኔት ሙዚቃ ማድመጫ አንድን ዘፈን ተደመጠ ብሎ የሚቆጥረው 30 ሰከንድ ሲደመጥ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ደቂቃም ቆየ አምስት ደቂቃ፣ ቆጠራው ያው አንድ ነው። ታዲያ ማን ሞኝ ነው ሦስተኛ ስንኝ የሚደክምበት? ይባስ ብሎ ዘፈኑ ሲያጥር እንደገና እንከፍተዋለን። እኔ ያንን የጋሼን ዘፈን ሁሌም ደግሜ ነው የምሰማው። አንዴ ሰምቼው በቅቶኝ አያውቅም። አጥሮብኝ ሁለት ጊዜ አስቆጠርኩለት ማለት ነው።

አስተባባሪዋ እጇን አጣምራ ትሰማለች።

ቀጠልኩ። እ.ኤ.አ. በ1960 ሞሪስ ዊሊያምስና ዞዲያክስ የሚባለው ቡድኑ «ስቴይ» የሚል ዘፈን በአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ አንደኛ አደረሱ። ሰውዬው ወዳጁን ትንሽ ቆዪ፣ ትንሽ ብቻ ቆዪ እያለ ይለምናል። እሱ ራሱ ግን ከ1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ በላይ አይቆይም። በዚያ ሰንጠረዥ አንደኛ ከወጡት ሁሉ አጭሩ እሱ ነው።

«እሺ ብላው ይሆናላ» አለች።

ይሄን አላሰብኩበትም ነበር።

ናፓልም ዴዝ የሚባል የእንግሊዝ ቡድን ደግሞ አንድ ሰከንድ ከምናምን ብቻ የሚቆይ ዘፈን አለው። ከማስነጠስ ያጥራል። በዓለም አጭሩ ዘፈን ተብሎ በጊነስ መዝገብ ሰፍሯል። እሱን ከፍቼ ቢሆን ጋሼ አንድ እግራቸውን ሳያሳርፉ ባለቀ ነበር። ከዚህ አንጻር የኔ ምርጫ እንዲያውም ለጋስ ነው።

«ረጅም ዘፈን ትመርጪ ነበራ!»

ረጅምም ዋስትና የለውም። ቢትልሶች እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጡት «አቤይ ሮድ» አልበም ላይ ከሰባት ደቂቃ በላይ የሚሄድ ዘፈን አለ። ጊታሩ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ነፋስ የሚመስል ድምፅ እየጎላ ይመጣል። የሆነ ቦታ ሊያደርሰን ነው ስትሉ በመቀስ እንደተቆረጠ ክር ጥፍት ይላል። ከቢትልሶች አንዱ ጆን ሌነን ነው እዚህ ጋ ቁረጡት ያለው። የዚያው አልበም የመጨረሻዋ ዘፈን ደግሞ 23 ሰከንድ ናት። የማሳረጊያዋ ድምፅ እንኳ የላትም። ሰባት ደቂቃም ይጎድላል፣ 23 ሰከንድም ይጎድላል።

ለነገሩ እኔ የምወደው ቀስ እያለ የሚጠፋውን ነው። ዘፈኑ አላለቀም፣ እናንተ ራቃችሁ እንጂ። እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ጉስታቭ ሆልስት ፕላኔቶችን በሙዚቃ ሲጽፍ ለኔፕቲዩን ይሄንኑ ነው ያደረገው። የሴቶች መዘምራን ሌላ ክፍል ሆነው ይዘምራሉ፣ መጨረሻው ላይ በሩ ቀስ ብሎ ይዘጋባቸዋል። ድምፅ መቀነሻ ቁልፍ ባልነበረበት ዘመን በር ቀነሰላቸው። የኛ አዳራሽ በር ግን ያንቋርራል።

ትልቁን ማስረጃ መጨረሻ ላይ አወጣሁት። ሃይድን። እ.ኤ.አ. በ1772 ልዑል ኤስተርሃዚ ሙዚቀኞቹን በበጋ ቤተ መንግሥቱ ከመጠን በላይ አቆያቸው። ቤተሰብ ናፈቃቸው። የሙዚቃ ደራሲያቸውና አለቃቸው ሃይድን አንድ ሲምፎኒ፣ ማለትም ረጅም የኦርኬስትራ ሙዚቃ፣ ጻፈ። መጨረሻው ላይ ሙዚቀኞቹ አንድ በአንድ መጫወት ያቆማሉ፣ ሻማቸውን እፍ ብለው ያጠፋሉ፣ ተነስተው ይወጣሉ። በስተመጨረሻ ሁለት ቫዮሊን ብቻ ይቀራል። ልዑሉ ነገሩ ገባው። በማግስቱ ሁሉም ወደየቤታቸው ጉዞ ጀመሩ። ሲምፎኒው እስከ ዛሬ «ስንብት» ይባላል።

«አየሽ?» አልኳት። «ሙዚቃ ሲጎድል ነው መልእክት የሚያደርስ።»

«ስንብት ነው ያልሽኝ?»

«አዎ።»

«የሥራ ስንብት?»

«እ… በለው።»

«ታዲያ እሱን ለምን አልከፈትሽም?»

ማስረጃዬ ሁሉ እዚያው ላይ ቆመ። ሃይድንን ያህል ሰው ጠርቼ በሃይድን ተረታሁ።

ጋሼ ከሰነበቱ በኋላ ደወሉ። ደህንነቴን ጠየቁ፣ የሥራውን ሁኔታ ጠየቁ፣ የጠረጴዛዬ ጎረቤት ልጅ እንዴት እንደሆነ ጠየቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያንን ዘፈን ላኪልኝ እስቲ።»

«የመጀመሪያውን፣ ጋሼ?»

«አይ፣ እሱስ ያጥራል። የምታባርረኝን።»

ላክሁላቸው። አራት ደቂቃ ከምናምን ነው፣ አዝማቹም እየተደጋገመ ነው የሚያልቀው። እሳቸው ከበር እስከ መድረክ ቢመጡበት ይበቃቸው ነበር።

አስተባባሪዋ ግን አልረሳችልኝም። ለሚቀጥለው ዝግጅት ሥራ ስታከፋፍል ከሙዚቃ አንስታ ወንበር ላይ መደበችኝ። ቁጠሪ፣ ደርድሪ፣ በቃ። ወንበር ራሱ አይሄድም፣ ራሱ አይጀምርም፣ አሻራ አይጠይቅም። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ።

ወንበሩም አጠረ።