"እንጃ ጋሼ"

የእህቴ ልጅ 14 ዓመቱ ነው። ክረምቱን እኔ ጋ ባሕር ዳር ነው ያሳለፈው። ባለፈው እሑድ ጣና ዳር ይዤው ወጣሁ። ቡና ይፈላል፣ ሐይቁ ላይ ታንኳ ያልፋል፣ እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ቲክቶክ ላይ ነው። ጉማሬ ብቅ ቢል እንኳ ቀና የሚል አይመስልም። አውራ ጣቱን አየሁት። ይገፋል፣ ሦስት ሴኮንድ ያያል፣ ደግሞ ይገፋል። አይስቅም፣ አይናደድም።

"አሁን ያየኸው ምን ነበር?" አልኩት።

ትንሽ አሰበና "እንጃ ጋሼ" አለኝ።

ይቺ "እንጃ" ናት የከነከነችኝ።

እኔም እኮ ጨዋ አልነበርኩም። ክፍል ፎርፌ ፕሌይስቴሽን ቤት የዋልኩበት ቀን ብዙ ነው፤ የዳቦ ሳንቲም በልቼበታለሁ፣ አንዴማ እናቴ በር ላይ ቆማ ስሜን ስትጠራ በጓሮ ነው ያመለጥኩት። ግን እዚያ ቤት ጨዋታው ያልቃል። ፊሽካ ሲነፋ ተሸናፊ ይነሳል፣ ጆይስቲኩን ለተረኛ ይሰጣል፣ ብር ከሌለህ ባለቤቱ "በል ቦታ ልቀቅ" ይልሃል። ማን ስንት ለስንት እንዳሸነፈኝ ዛሬም አልረሳሁም።

ስልኩ ላይ "ልቀቅ" የሚል የለም። ገጹ እየተገፋ እንዳያልቅ የሚያደርገውን አሠራር በ2006 እ.ኤ.አ. የፈጠረው አዛ ራስኪን የሚባል ባለሙያ ነው፤ በኋላ ራሱ ተጸጽቶበታል። ቻይና ደግሞ በ2021 ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የኦንላይን ጌም ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓል ቀን ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ብቻ ብላ ቆረጠች። እኛ ቤት ቆራጩ እኔ ነኝ፤ እኔ ራሴ ቴሌግራም ላይ እኩለ ሌሊት የሚያልፍብኝ ሰውዬ!

እህቴ ደውላ "ልጄ ሱሰኛ ሆነብኝ" ትላለች። ተረጋጊ አልኳት። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን ከበሽታ ቢቆጥረውም፣ ብዙ የተጫወተ ሁሉ ታመመ አላለም። መቆጣጠር አቅቶት ትምህርቱና ኑሮው ሲበላሽ፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል ሲቆይበት ነው። ይሄኛው ገና ደብተሩን ይገልጣል፣ እራቱንም ይበላል።

ከሐይቁ ስንመለስ ሰፈር ያለ ፕሌይስቴሽን ቤት አስገባሁት። 4 ለ 0 አሸነፈኝ። ሰው ፊት!

ባጃጅ ውስጥ ቤት እስክንደርስ አራቱንም ጎል በየተራ ተረከልኝ።